የጋሼ ሁለት ጣቶች

ጋሼ የነዳጁን ቱቦ በሁለት ጣቶቹ ቆንጥጦ ይዞ ዓይኑን ጨፍኗል። ሹፌሩ መሪው ላይ ተቀምጦ ነዳጅ ይሰጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል። እኔ ከጋሼ ትከሻ አጠገብ ቆሜ ቱቦውን አያለሁ። ሞተሩ በጮኸ ቁጥር ቱቦው ልፍስፍስ ይላል።

«ሙሉ ነው» ይላል ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ግፊቱ ምንም አልጎደለውም። ችግሩ ከነዳጅ አይደለም።»

ሙሉ አይደለም። ይህን ለማየት ጋራዥ ውስጥ ማደግ እንኳን አያስፈልግም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ጋራዥ የቆመው በእነዚህ ሁለት ጣቶች ነው። ሌላ ጋራዥ በመለኪያ የሚያየውን ጋሼ ቱቦውን ያዝ አድርጎ ይናገራል። ነዳጅ የሚገፋው ፖምፓ ደክሟል ይላል፣ ወይ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ተደፍኗል ይላል፤ ሲፈታ እሱ ያለው ሆኖ ይገኛል። እናታችን ስትሞት እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማን ዘንድ እንደሚያስቀምጠኝ ስለቸገረው ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚሁ ያውለኝ ጀመር። ሥራውንም ያስተማረኝ እንዲህ ነው፤ ጣቴን ቱቦው ላይ ያስቀምጥና የራሱን በላዩ ያሳርፋል። ያ ሁሉ እጅ ክብደቱ አይታወቀኝም ነበር። «ይመታል አይደል? ይኼ ጤነኛ ነው» ይለኝ ነበር።

የስኳር በሽታው መጀመሪያ እግሩን አደነዘዘው፤ ቀስ እያለ እጁ ላይ ወጣ። ከሦስት ወር በፊት የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ መዳፉን አሳርፎ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ አገኘሁት። ቀድሞ የነገረኝ የሚቃጠለው ቆዳ ሽታ ነው። በፋሻ ስጠቀልልለት «ሐሳብ ላይ ሆኜ ነው» አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። በማግስቱ የግፊት መለኪያ ገዛሁና የምሳ ዕቃዬን የምይዝበት ከረጢት ውስጥ ደበቅሁት። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ፍርዱን ይሰጣል፤ ፊቱን ሲያዞር እኔ እለካለሁ፤ የተሳሳተውን ዝም ብዬ አስተካክላለሁ። ደንበኛው እሱን አመስግኖ ይሄዳል። እኔም ደስ ይለኛል።

የዛሬው ሹፌር ግን ከመኪናው አልወርድም ብሏል፤ ተደብቄ የምለካበት ፋታ የለኝም። የትምህርት ቤት ሰርቪስ ነው የሚነዳው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሃያ ልጅ ጭኖ ዳገቱን ይወጣል። ትናንት እዚያው ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ከኋላው ከነበረው የጭነት መኪና ጋር ሳይላተሙ የቀሩት ለጥቂት ነው።

«ለማንኛውም ፊልትሮውን ልቀይረው» እላለሁ፣ ድምፄን ቀለል አድርጌ።

ሹፌሩ ሞተሩን ያጠፋና አንገቱን በመስኮት ያወጣል። ወሬ ካልጨመረበት መኪና የማይነሳለት ሰው ነው። «ምን በወጣው? ጋሼ ደህና ነው ካሉ ደህና ነው። የእሳቸው ጣት እኮ ሐኪም ነው። እኔማ ሚስቴንም አምጥቼ ባሳያቸው ምን እንዳስኮረፋት ይነግሩኝ ነበር።»

ጋሼ ይስቃል። ከልቡ ነው የሚስቀው፤ አንጀቴን የሚበላኝም ይኸው ነው። ኮፈኑን ሊዘጋ እጁን ያነሳል።

«ጋሼ፣ አትዝጋው» እላለሁ። «ቱቦው ላልቷል።»

ሳቁ ይቆማል። «ይዤዋለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ሙሉ ነው አልኩሽ።»

«አልተሰማህም፣ ጋሼ።»

እናትም አባትም ሆኖ ላሳደገኝ ሰው፣ ይህን በሰው ፊት መናገሬ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያ ወሬኛ ሹፌር እንኳን አንገቱን ወደ ውስጥ መልሶ መሪውን ትክ ብሎ ያየዋል። ከረጢቴን እከፍታለሁ፤ መለኪያውን ከቱቦው ጋር አጋጥሜ «አስነሳና ነዳጅ ስጥ» እለዋለሁ። ሞተሩ ሲጮኽ ቀስቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ጋሼ ቀስቱን አያይም። የሚያየው መለኪያውን ነው፤ ጠርዙ ላይ የተፋቀውን ቀለም፣ በእኔ እጅ ቅባት የጠቆረውን መያዣ። ዛሬ የተገዛ ዕቃ እንዳልሆነ ገብቶታል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እጅህ ከተቃጠለ ጀምሮ።»

«ስንቱን ተሳሳትኩ?»

መዋሸት እችል ነበር። «አስራ አንድ» እላለሁ።

ራሱን ይነቀንቃል። ከመደርደሪያው አዲስ ፊልትሮ ያወጣና ይሰጠኛል። አሮጌውን ስፈታው ጥቁር ዝቃጭ ያንጠባጥባል። ጋሼ ጎንበስ ብሎ የእጅ መብራቱን ይዞልኛል። እስከ ዛሬ መብራት የምይዘው እኔ ነበርኩ።

አዲሱን አስሬ ስጨርስ ሹፌሩ ያስነሳል። ቀስቱ ቦታው ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም። ሥራው አልቋል፤ ጋሼ ግን ክንዴን ይይዝና ጣቶቼን ቱቦው ላይ ያስቀምጣል። እንደ ድሮው የራሱን በላያቸው አሳርፎ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ንገሪኝ» ይላል።

«ጠንክሯል» እለዋለሁ። «ይመታል። ቶሎ ቶሎ፣ እኩል እኩል።»

«ነዳጅ ሲሰጥስ?»

ሹፌሩ ሳይነገረው ይረግጣል።

«ያው ነው፣ ጋሼ። አይላላም።»

ጋሼ እንዲሰማው አጥብቆ ይጫናል። ጣቶቼን ከቱቦው ማሰሪያ ብረት ጋር አጣብቋቸዋል፤ ጥፍሮቼ ነጭ ሆነዋል። በጣም ያመኛል፤ እሱ አያውቅም።

«እየመታ ነው» እላለሁ፣ እጄን ሳላነሳ።