ስድስተኛው ሽቦ

"አምስት ክፍል... ስድስት ሽቦ! ስድስተኛው የት ነው የሚሄደው?!"

የቤቱ ባለቤት ሷሊሕ የድምፅ ማጉያውን፣ የአምፕሊፋየሩን፣ ቁም ሳጥን ከፍቶ ሽቦዎቹን በጣቱ እየቆጠረ ጮኸብኝ።

እንግዶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ...

ሷሊሕ አዘዞ ላይ ያሠራው አዲስ ቤት የሚመረቅበት ቀን ነበር። የጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴ ዘመዶቹ በሙሉ ተሰብስበዋል። ዱዓው አልቆ ምግብ ሊቀርብ ነው።

እኔ? የዚህ ገጽ አድሚናችሁ ያኔ፣ በ2006፣ ጎንደር ላይ ዲሽ ሠራተኛ ነበር። ሳቁ እንጂ!

ሥራው ቀላል አልነበረም... አንድ ዲሽ፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ አምስት ክፍል። ሳሎን የተከፈተው መንዙማ መኝታ ቤትም፣ ልጆች ክፍልም፣ በጓሮ በኩል ያለው የእናቱ ክፍልም እኩል እንዲሰማ። ቴሌቪዥኑም እንደዚያው። ለዱዓው ደግሞ ሽቦ የሌለው የእጅ ማይክ አዘጋጅቼ ነበር፣ ሴቶቹ በየክፍላቸው ሆነው "አሚን" እንዲሉ።

ያ ማይክ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው። የሷሊሕ ጩኸት በየክፍሉ እየተሰማ መሆኑን ማንም ልብ አላለም።

"ማሩ! አንተን እኮ ነው!"

ወደ ቁም ሳጥኑ ተጠጋሁ።

ሷሊሕ ቀጭኗን ሽቦ ሳትነቀል ከሌሎቹ መሃል ለይቶ ሳባት። ጫፏ ላይ ፕላስተር አለ፣ በራሴ እጅ "ማይክ" ብዬ የጻፍኩበት። ሞኝ ነኝ... ሽቦ ላይ ስም ካልጻፍኩ መሥራት አልችልም።

"ማይክ?! ቤቴ ውስጥ ማይክ ቀብረህብኛል? ለማን ነው የምትሰልለኝ?!"

በዚያ ዘመን ይሄ ቃል ቀልድ አልነበረም። አንዳንዱ እንግዳ ተነስቶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

"ጋሽ ሷሊሕ... እንደምታስበው አይደለም።"

"እሺ የት ነው የሚሄደው?"

"...መናገር አልችልም።"

"በሩን ዝጉት! ፖሊስ ጥሩልኝ!"

ዲሽ ሠራተኛ ማለት እኮ የሰው መኝታ ቤት ድረስ የሚገባ ነው። ስሙ አንዴ ከጠፋ ጎንደር ላይ ማን በሩን ይከፍትለታል?

የሷሊሕ አጎት አያ አብዱልመናን ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምነው አትናገርም? እውነት ካለህ አውጣት!"

እውነትማ አለችኝ! ግን ቃል ሰጥቻለሁ... "ልጄን ሰው ፊት እንዳታሳፍርብኝ" ተብዬ ምያለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ቆምኩ። ማልቀስ ግን አምሮኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

ሷሊሕ ከዕቃ መያዣዬ ፒንሳ አነሳ።

"እንግዲያው እቆርጠዋለሁ!"

ፒንሳው ሽቦዋ ላይ አረፈ...

ያን ጊዜ ከጣሪያው ስፒከር "ቷ" የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ የሰው ትንፋሽ። ከዚያ...

"ሷሊሕ... ልጁን ልቀቀው። ሽቦው የኔ ነው።"

እናቱ ነበሩ። ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ካቆሙ ዓመት ያለፋቸው እማማ ኩልሱም።

"ይሄ ልጅ ያልሆነውን ሲባል ዝም ብዬ አልሰማም። አትንገርብኝ ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ። እንግዳው ሲሸኝ ራሴ ልነግርህ ነበር... የግድግዳው ቀዳዳም የልስን ሠሪው ጥፋት አይደለም። የከዘራዬ ነው።"

ሷሊሕ ፊቱ አመድ መሰለ።

ቤተሰቡ ቤቱ ሳይመረቅ ገብቶበት ነበርና፣ ከሁለት ቀን በፊት የእናቱን ክፍል ሲያሳየኝ፣ አልጋው አጠገብ ግድግዳው ተቦርቡሮ ነበር። "ያ ልስን ሠሪ ጉድ ሠራኝ! ሰድቤ ነው ያባረርኩት። ስፒከሩን እዚች ላይ ስቀልና ሸፍንልኝ" አለኝ።

ልሰቅል ስል እማማ ኩልሱም ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"እዚያ ላይ ከሰቀልከውማ... ምኑን እመታለሁ ልጄ?"

ያኔ ነው የገባኝ። ውሃ ሲጠማቸው፣ ጎናቸው ሲቃጠል፣ ሰው ሲናፍቃቸው... በከዘራቸው ግድግዳውን ይመቱታል። በሰፊው ቤት ውስጥ የሚሰማቸው የለም። እሳቸው እየመቱ፣ ልስኑ እየረገፈ፣ ልጃቸው ደግሞ ልስን ሠሪውን እየረገመ!

ከራሴ ዕቃ የምትጫን ቁልፍ ያላት ማይክ አውጥቼ አልጋቸው አጠገብ ገጠምኩላቸው። ሁለት ቀን ሙሉ አልነኳትም። "ሥራ በዝቶባቸዋል፣ አልረብሽም" እያሉ። መጀመሪያ የተጫኗት ለራሳቸው ውሃ ሳይሆን እኔን ለማዳን ነው።

"ሂድ እንጂ! ምነው ትገተራለህ?" አሉ አያ አብዱልመናን።

ሷሊሕ ፒንሳውን ጥሎ ሮጠ።

እማማ ኩልሱም ግን ጣታቸውን ከቁልፏ አላነሱም ነበር። ቤቱ ሙሉ ሰማ...

"እማዬ... ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንኳኳሁ እኮ ልጄ..."

ከዚያ የትልቅ ሰው ለቅሶ። ሳሎን ውስጥ ቀና ብሎ የሚያይ ጠፋ። አያ አብዱልመናን በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ለቅሶው ጋብ ሲል የእናትየው ድምፅ ተመልሶ መጣ።

"በቃ ተው... እንግዶችህ በሉ?"

በማግስቱ ሷሊሕ ልስን ሠሪውን ፈልጎ ይቅርታ ጠየቀው። እኔንም ጠየቀኝ። ስፒከሩን ወደ ሌላ ግድግዳ አዛወርኩት፤ ቀዳዳዎቹ ግን እስካሁን አልተደፈኑም፣ "እንዳይነኩብኝ" ብሏል።

ወዳጆቼ... ለወላጆቻችን ቴሌቪዥን እንገዛለን፣ ስፒከር እንሰቅላለን፣ ከዚያ "ምን ጎደለባቸው?" እንላለን። ሁሉም ከእኛ ወደ እነሱ የሚሄድ ነው። ከእነሱ ወደ እኛ የሚመጣውን ሽቦ ማን ዘረጋው? መስጠት ብቻውን አይበቃም፣ መስማትም አለ።

እናንተስ... ግድግዳ እያንኳኳ ያልሰማችሁት ማን አለ? መጀመሪያ ደውሉለት፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ምን እንዳላችሁ ጻፉልኝ። አነባለሁ።