ጉቦ የማይበላው ተቆጣጣሪ

የዳቦ ጋጋሪው ምድጃ የሚነደው በድግምት እሳት ነበር። የእሳቱ ፈቃድ ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። ካልታደሰ እሳቱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ እሳቱ ከጠፋ ደግሞ የልጆቹ ጉሮሮ ይዘጋል።

በእሳት ፈቃድ ቢሮ ግን ሰው ማግኘት ዘበት ነው። ድሮ ሠራተኛ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ ይጠፋ ነበር። አሁን ዘመን ሠልጥኗል፤ ምስሉን አስቀምጦ ይሄዳል። ምስል ያያል፣ ይናገራል፤ ሰው ሲነካው ግን ብን ብሎ ይጠፋል። ችሎታውም እንደ ባለቤቱ ደረጃ ነው። የጸሐፊ ምስል «ነገ ተመለስ» ከማለት አያልፍም፤ የኃላፊ ምስል ግን ስለ ስብሰባ ግማሽ ቀን ያወራል።

ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ በከረጢት ይዞ የቢሮውን በር ሲከፍት አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ተከትሎት ገባ።

«ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣሁ ተቆጣጣሪ ነኝ» አለ ሰውየው። «በምስል የሚያጭበረብሩትን ዛሬ አንዳቸውንም አልምርም።»

ጋጋሪው ደስ ብሎት ወንበር ሳበለት።

«እኔ ቆሜ ነው የምሠራው።»

ዳቦ አውጥቶ ዘረጋለት።

«ጉቦ አልበላም።»

ጋጋሪው እንዲህ ያለ ባለሥልጣን በዕድሜው አይቶ አያውቅም። እንባው መጣ።

«በል አንድ በአንድ ንካቸው» አለው ተቆጣጣሪው። «ደንቡ የሚለው ባለጉዳዩ ይንካ ነው።»

ጋጋሪው ጸሐፊዋን በጣቱ ነካ አደረጋት። «ነገ ተመ—» ብላ ብን አለች። ኃላፊውም «ስብሰባው እንዳለ—» እያለ ብን አለ። ጥግ ላይ የሚያንኮራፋው ምክትል ብቻ ሲነካ ደንግጦ ተነሣ።

«እጅህን ሰብስብ እንጂ ሰውዬ!» አለ ዓይኑን እያሸ። ጉዳዩን ሲሰማም ራሱን ነቀነቀ። «የእኔ ሥራ ማኅተም መምታት ነው። የበላይ ፊርማ ከሌለበት ደግሞ አልመታም።»

«የበላዩ እኔ አለሁ አይደል እንዴ?» አለ ተቆጣጣሪው። «ሲመሽበት ቆመን እናያለን?»

በመስኮቱ በኩል ፀሐይዋ መቅላት ጀምራለች። ጋጋሪው ማመልከቻውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከምክትሉ እስክሪብቶ ተቀብሎ «ዕድሜ ይስጥልኝ ጌታዬ፣ ልጆቼን አተረፉልኝ» እያለ እስክሪብቶውን ሊያስይዘው የተቆጣጣሪውን እጅ ያዘ።

«አሁኑኑ እፈር—» አለ ተቆጣጣሪው፤ እስክሪብቶውም ወለሉ ላይ ወደቀ።