የደርቤ ሰባት ቤት

የድሮው የዘር ሐረግ ፕሮግራም ነገ ሲዘጋ ልጄ ደርቤ የማን ልጅ ሊባል ነው? በተወለደ በሦስተኛው ቀን ተቀብዬ አሳደግሁት እንጂ አልወለድኩትም። የድሮው ቃሌን አምኖ በሟቹ ባለቤቴ በይርዳው ስም መዝግቦታል፤ አዲሱ የሚያምነው ደም ብቻ ነው።

«እማማ፣ ሰባት ቤት ያላስቆጠረ ማግባት አይችልም። የሚቆጥረው ደግሞ አዲሱ ብቻ ነው» አለ ወደ አዲሱ ሊያዛውረን የመጣው የመዝገብ ሠራተኛ፣ የደም መውሰጃ መርፌውን ይዞ።

የደርቤ ልጅ ምንትዋብ በወሩ መጨረሻ ሙሽራ ናት። ጣቷን ለመርፌው ስትዘረጋ ደርቤ አጠገቤ አቀረቀረ።

«ቆይ፣ እኔው ልቁጠርልህ» አለችው። ጣቶቿን እያጠፈች «ደርቤ፣ ይርዳው፣ ገሠሠ...» ብላ ያስጠናኋትን ሰባቱን አንዱንም ሳትስት ጨረሰች። «ሠርጌ ይቆያል እንጂ አባቴን ከአያቴ አልነጥልም።»

ያቀረቀረው ደርቤ ቀና አለ። እኔም የሠርጉ ነገር ቢያስጨንቀኝም ኮራሁባት። ሠራተኛው የተጨበጠ እጇን አየት አድርጎ መርፌውን ከተተና ወጣ።