የለበሱት አይቆጠርም

አንድ ሰው ከአንድ ሳጥን በላይ ንብረት እንዳይኖረው ከታወጀ አራት ዓመት ሆኖታል። የማይቆጠሩት የሚተኙበት ፍራሽና የለበሱት ልብስ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ትርፍ ዕቃ ይወረሳል።

ትርንጎ ለድሬዳዋው የአልባሳት ውድድር የጥንት ጦረኛ የብረት ልብስ የሚመስል ጥሩር የሠራችው ከፍራሿ ስፖንጅ ነው። ቆርጣ በካውያ አጎበጠችው፣ የብር ቀለም ቀባችው። ከዚያ ወዲህ ከባሏ ከአስናቀ ጋር ሰሌን ላይ ያድራሉ። ድስቶቿን ለጎረቤት ሰጥታ ሳጥኗን ለጥሩሩ ብትለቅም፣ ትከሻው ሲገባ ክዳኑ አልገጥም አለ።

ስለዚህ በውድድሩ ማለዳ ሁሉንም ለብሳ አዳማ ባቡር ጣቢያ ደረሰች።

«ይኼ ዕቃ ነው፣ አውልቂው!» አላት በሩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ትርፍ ዕቃ የሚፈትሸው ተቆጣጣሪ።

«ልብስ ነው! ያንተን ካፖርት ማን ቆጠረው?»

«ሴትዮ፣ ማን ነው ብረት የሚለብሰው?»

«ስፖንጅ ነው፣ ንካው! ስተኛበት ዝም ያልከኝ ሰውዬ፣ ስለብሰው ምን አገባህ?»

ከኋላዋ ጋቢ በጋቢ ላይ የደረቡ አሮጊት ተቆጡ። «አንተ ልጅ፣ እሷን ካስወለቅህ እኔንም አስወልቀኝ! ና፣ ከየትኛው ትጀምራለህ?»

ሰልፈኛው በሳቅ አውካካ። አንዱ ጃኬቱን፣ ሌላው ሹራቡን እያወለቀ «የኔንም ቁጠር!» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ከመረበት። ተቆጣጣሪው ክምሩን አየ፣ ባቡሩን አየ፣ በመጨረሻም በሩን ከፈተ።

ጥሩሩ ስለማያስቀምጥ ትርንጎ መንገዱን በሙሉ ቆማ ተጓዘች። አሮጊቷ ደግሞ በየጣቢያው ላሉ ዘመዶቻቸው «የለበሱት አይቆጠርም፣ ደርባችሁ ኑ!» እያሉ ሲደውሉ ነበር። አዋሽ ላይ አምስት ቀሚስ የደረበች ሴት በላብ ተጠምቃ ገባችና ትርንጎን ጠቀሰቻት።