በረንዳ የሌለው ክፍል

ሶሊ ላፕቶፑን ወደ አያቷ ወደ ዓብዩ ታዞረዋለች። ሦስት ነጭ መርከቦች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ እኔ አንዷን ከአንዷ መለየት አልቻልኩም።

«እህትማማች ናቸው፣ አባባ። አንድ ካምፓኒ በአንድ ፕላን ነው ያሠራቸው» ትላለች። «ትንሽ ትንሽ ብቻ ይለያያሉ። ቀኑን መቀየር አይቻልም፤ መርከቡን ግን እስከ ዛሬ ማታ ቼንጅ ማድረግ ይቻላል።»

ጉዞው የልጆቻችን ስጦታ ነው። ባለቤቴ ዓብዩ ጡረታ ከወጣ ገና ወሩ ነው። የልጅ ልጃችን ይህን ልታስመርጠን ብላ በቅዳሜ ትራፊክ ከሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ ነድታ መጥታለች።

«ይቺ አሮጌዋ ናት፣ ሰው አይበዛባትም። መካከለኛዋ የውሃ መንሸራተቻ አላት። አዲሷ ደግሞ ክሊኒኳ ትልቅ ነው፤ ሌሊትም ዶክተር አለ።»

«የነፍስ ማዳኛ ጀልባስ ስንት ስንት አላቸው?» እላለሁ።

«ሴም ነው፣ ሦስቱም እኩል፣ እማማ። ባለፈውም ጠይቀውኛል እኮ።»

«የጾም ምግብስ?»

«ሦስቱም ላይ አለ።»

«የመርከቡ ዳር አጥርስ ቁመቱ? የሰው ደረት ይደርሳል?»

«መንሸራተቻ ያላት ትሁንልኝ» ይላል ዓብዩ በእኔ ሲቀልድ። «እታለም ከላይ ቁልቁል ስትመጣ ማየት አለብኝ።»

ሶሊ ትስቃለች። እኔም ልስቅ እሞክራለሁ፤ ዓይኔ ግን ጣቷ ላይ ነው። ጣቷ ወደ ታች፣ ክፍሎቹ ወደተጻፉበት እየወረደ ነው።

ዓብዩ መነጽሩን ያስተካክላል። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ፣ ልጄ። መስኮቱ ይከፈታል?»

ሶሊ እኔን ታየኛለች።

«መስኮት የለውም እኮ፣ አባባ። የውስጥ ክፍል ነው የተያዘው። በረንዳ ያለው ይዤላችሁ ነበር፤ ማክሰኞ እማማ ደውለው ቀይሪው አሉኝ። አባባም ተስማምቷል ብለውኝ ነው።»

እውነቷን ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ነው የደወልኩላት። ያዞረዋል፣ ሌሊት ይነሳል፣ አጥሩን ተደግፎ አንድ ነገር ቢሆንስ አልኳት። ይሄ ሁሉ ልክ ነው። ተስማምቷል ያልኩት ብቻ ነው ውሸቱ።

ሃያ ሁለት ዓመት ዋሽንግተን መሐል፣ ከመሬት ሦስት ፎቅ ታች፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጦ ትኬት ሲቀበል የኖረ ሰው ነው። ማክሰኞ ዕለት ይሄ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ውሃው ብቻ ነበር።

ዓብዩ ወደ እኔ አይዞርም። «አዎ፣ ተስማምቻለሁ» ይላታል። «ረስቼው ነው።»

ረስቶ አያውቅም።

«ሶሊ፣ በረንዳ ያለውን መልሽልን» እላለሁ። «እኔ እጠብቀዋለሁ። በበረንዳው በር በኩል እተኛለሁ።»

ትነካካለች። አሮጌዋ ላይ በረንዳ ያለው ሞልቷል። መካከለኛዋም ላይ። አዲሷ ላይ ትንሽ ትቆያለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች። «ሶልድ አውት። መስኮት ብቻ ያለውም አልቋል። ማክሰኞ የለቀቅነው የመጨረሻው ነበር መሰለኝ።»

ከዚያ ሶሊ ልታጽናናው ፈልጋ ወንበሯን ጠጋ ታደርጋለች።

«ግን አዲሷ ላይ፣ አባባ፣ የውስጥ ክፍሎቹ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቲቪ አለ። ካሜራው ውጪ ነው፤ ባሕሩን ላይቭ ያሳያል። ቁጭ መስኮት ነው የሚመስለው። ሁለቱ ላይ ይሄ የለም።»

«እኔም ነበረኝ» ይላል ዓብዩ። ድምፁ ውስጥ ቅያሜ የለም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «ትኬት የምቀበልበት ቡዝ ውስጥ። ትንሽዬ ቲቪ ናት፣ የመኪና መውጫውን ታሳያለች። ዝናብ መዝነቡን የማውቀው በእሷ ነበር። አንዳንዴ በረዶም።»

ሶሊ እጇን ከኪቦርዱ ላይ ታነሳለች። እኔ ይቅርታ ልል አፌን እከፍታለሁ፤ የሚወጣው ግን «ሻይህ ቀዘቀዘ» ነው።

«አዲሷን ያዢልን» ይላታል።

ሶሊ ይዛ ስትጨርስ ገጹ ወደ ማስታወቂያው ይመለሳል። አንዲት ሴት በባዶ እግሯ በረንዳ ላይ ቆማለች፤ ከፊቷ ያለው ውሃ ብቻ ነው። ዓብዩ የሹራቡን እጅጌ ወደ መዳፉ ይስባል፣ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ይላል፣ ውሃው ላይ ያረፈውን አቧራ ቀስ አድርጎ ይጠርጋል።