በበር ሥር የገባው ደብዳቤ

ደብዳቤው ጠዋት በበሩ ሥር ገብቶ ተገኘ። ውስጡ አንዲት ጥይት ነበረች። «እናንተ ሱኒዎች፣ በሦስት ቀን ውስጥ ሰፈራችንን ልቀቁ። ልጅህን ትተህ ብትሄድ ሬሳውን ትለቅማለህ» ይላል።

በዚያ ዓመት ባግዳድ ውስጥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብርቅ አልነበረም። አቡ ሙሀነድን ያንገበገበው ጽሕፈቱ ነው። ቁልጭ ያለ የመምህር ጽሕፈት! በመንገዱ ላይ ደግሞ ሺዓ መምህር አንድ ብቻ ነው፤ ከአቡ ሙሀነድ ሚስት ከነዲማ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ያስተማረው፣ አጥር የሚጋራቸው አቡ ከራር።

«ሠላሳ ዓመት አንድ ገበታ ቀርበን! ለካ እባብ ነው ያቀፍኩት!»

«ቀስ በል፣ ይሰማሃል» አለች ነዲማ። ልብስ ማጣጠፍ ጀምራ ነበር።

የሃያ አራት ዓመቱ ልጃቸው ሙሀነድ ግን አሻፈረኝ አለ። «እናንተ ሂዱ። እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ፤ ጓደኞቼም አሉ።»

«ጓደኞችህንማ አውቃቸዋለሁ» አለች እናቱ። «አንተ ካልሄድክ እኔም ንቅንቅ አልልም። እዚሁ ይግደሉኝ።»

ልጁ በሩን አላትሞ ወጣ። አባቱ በጭንቁ መሃል እንኳ ኮራበት፤ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ አለ በሆዱ።

በሦስተኛው ቀን ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ አቡ ከራር ክሌቻ የሚሉትን ተምር የተሞላ ብስኩት በሳህን ይዞ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ወንድሜ፣ ቁልፉን ስጠኝ። እስክትመለሱ አበቦቹን ላጠጣ።»

«ቁልፍ ምን ያደርግልሃል? ሰብረህ ግባ! ለዚህ አይደል የደከምከው?»

ሽማግሌው ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀምጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ግን ውሃ በባልዲ አምጥቶ ከኋላቸው ደፋ። እዚያ አገር ተጓዥ በሰላም እንዲመለስ ውሃ ይደፋለታል።

«አባርሮን ሲያበቃ ተመለሱ ይለናል! ያሾፍብናል እንዴ?» አለ አቡ ሙሀነድ።

ነዲማ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ሙሀነድም እናቱን ጥሎ መቅረት አቅቶት ከኋላ ተቀምጧል።

አመሻሽ ላይ ሌላ ከተማ፣ የአቡ ሙሀነድ ወንድም ቤት ደረሱ። ልጁ ሊያጨስ ወደ ግቢ ሲወጣ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«አንድ ቀን እመለሳለሁ» ብሎ ዛተ አቡ ሙሀነድ። «የዚያን ሰውዬ ደም በእጄ ካላፈሰስኩ ወንድ አይደለሁም!»

«ዓርብ እንዲያፈስሰው በጓደኞቹ የታዘዘው ልጅህ ነበር» አለች ነዲማ፤ «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»