የአቶ ተክለማርያም የዓለም ዙሪያ ትኬት

ማራኪ ዓለም ባንክ ሰፈር አስፋልቱ ዳር ትኬት ቢሮ ከከፈተች ወዲህ የሚገባው ሰው ሁሉ ዋጋ ጠይቆ የሚወጣ ነው። ሰው ዛሬ ትኬቱን በስልኩ ይቆርጣል፤ ቢሮ ጎራ የሚለው ዝናብ ሲይዘው ነው። አከራይዋም ወሩ ሳያልቅ እንድትለቅ ነግረዋታል። የሚያንገበግባት መልቀቁ አይደለም። ቢሮውን የከፈተላት ወንድሟ የኔሰው ነው፤ ጆሃንስበርግ ሰው ሱቅ ውስጥ እየሠራ፣ ከአፉ እየነጠቀ። እናትም አባትም የሆናት እሱ ነው። «ዘጋሁት» ብላ በምን አፏ ትነግረዋለች?

ማክሰኞ ጠዋት ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ መጡ። ገቡ፣ ወጡ፣ እንደገና ገቡ።

«ማራኪ ማለት አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ፣ ይግቡ። ወዴት ነው የሚሄዱት?»

ሽማግሌው ከበሩ ብዙም ሳይርቁ ቆሙ። ዓይናቸው ቢሮውን ዞሮ ዞሮ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ «ዓለምን ይዙሩ» የሚል ማስታወቂያ ላይ አረፈ።

«ዓለምን... መዞር» አሉ።

ማራኪ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ማስታወቂያውን ለጌጥ ነው የለጠፈችው፤ እንኳን የሚገዛ፣ ቆሞ የሚያነብ ሰው አይታ አታውቅም። ግን አንድ እንዲህ ያለ ትኬት ቢሸጥላት ቢሮው ይተርፋል። ቶሎ ብላ ወንበር ሳበችላቸው።

አቶ ተክለማርያም ይባላሉ። ከገርጂ ድረስ ነው የመጡት፤ በመንገዳቸው ስንቱን ትኬት ቢሮ አልፈው።

«አባባ፣ እያንዳንዱን በረራ ለየብቻ ከገዙት ጉድ ይሆናሉ» አለቻቸው። «በአንድ ላይ ሲቆረጥ ይረክሳል። ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞሩት። የትኞቹን አገሮች ነው ማየት የፈለጉት?»

«አንቺ እንዳልሽ ይሁን። ቁርስ በልተሻል ልጄ?»

«በልቻለሁ።»

«እዚህ ብቻሽን ነሽ? ቤትሽስ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

«ብቻዬን ነኝ። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ገባ ብሎ።»

«ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»

ይህን ጊዜ ማራኪ ደነገጠች። ነገር አዙራ ፓስፖርት እንዳላቸው ጠየቀቻቸው። «አይጠፋም» ብለው ወጡ።

ጎኗ ያለው ሞባይል ጠጋኙ ደሜ ወሬውን ሲሰማ ምላሱን አጮኸ።

«ትኬት የሚገዛ ሰው ያንቺ ቤት ምን ያደርግለታል? አንቺን እያጠና ነው። የዘንድሮ ሌባ እኮ ጋቢም ይለብሳል።»

«ሰውዬው ደግ ነገር ናቸው።»

«ታዲያ ሌባ ሌባ ነኝ ብሎ ይመጣል እንዴ?»

ፈራች። ግን ተስፋው ከፍርሃቱ በለጠባት። ለየኔሰው «የኔዬ፣ ዓለምን የሚዞር ደንበኛ መጣልኝ» ብላ ጻፈችለት። መልእክቱን አላየውም። ሱቁ ሥራ ሲበዛበት እንዲህ ነው፤ ከሰሞኑ ደግሞ ብሶበታል።

ሽማግሌው በማግስቱም መጡ። ማራኪ ስትጠብቃቸው ነበር። ዋጋ ስታወዳድር፣ መንገድ ስታገጣጥም ነው ያመሸችው።

«አባባ፣ አንድ ዘዴ አገኘሁልዎት። ዙሩን ከአዲስ አበባ ከሚጀምሩት ከጆሃንስበርግ ቢጀምሩት በጣም ይረክሳል። እስከዚያ በተራ ትኬት ይሄዳሉ፤ ከዚያ ሲድኒ፣ ሳንቲያጎ፣ ለንደን፣ ተመልሰው ጆሃንስበርግ። ለማደሪያ እንዳያስቡ፣ ወንድሜ እዚያ ነው። ኤርፖርት መጥቶ ይቀበልዎታል። እንግዳ መቀበል ነፍሱ ነው።»

አቶ ተክለማርያም በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ዋጋውን አልጠየቁም። ሲድኒ ወዴት እንደሆነ እንኳን አልጠየቁም።

«ነገ» አሉና እየተደገፉ ተነሡ።

በመስታወቱ ስታያቸው ከደሜ ጋር ቆመው ያወራሉ። ደሜ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኗል። ቆይቶ ሲመለስ ዓይኗን አላይ አለ።

«ምን አሉህ?»

«ምንም። ዛሬ በጊዜ ግቢ።»

«ስለ ትኬቱ ነው?»

«አዎ... ትኬቱ ነው። ቤትሽ ከወፍጮው በስተቀኝ ነው አይደል?»

ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ ሄደ። ማራኪ ገባት። የደሜ አክስት ልጅ ጦር ኃይሎች ጋ ትኬት ቢሮ አለው። ሌባ ነው፣ ሌባ ነው ሲላት የነበረው ለካ ደንበኛዋን ሊነጥቃት ኖሯል። አንጀቷ አረረ። ቤቷን ምን ብሎ እንደጠየቃት ግን አላሰበችበትም።

ታክሲ ውስጥ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ቤቷ ስትደርስ ለቀቀችው። ከእንግዲህ ቢሮው አለቀለት። ጠዋት ለየኔሰው ደውላ እውነቱን ልትነግረው ወሰነች። ይቆጣት ይሆናል፤ ግን ተቆጥቶ አያውቅም፤ የሚያስለቅሳትም ይኸው አለመቆጣቱ ነው።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። አቶ ተክለማርያም ናቸው፤ ደሜ ክንዳቸውን ይዟል። ማራኪ ሰውን ያለ ሥራው በመጠርጠሯ አፈረች። ደንበኛዋን ቤቷ ድረስ ይዞላት መጣ እኮ። ከስንት ጊዜ በኋላ ደስታ ልቧን ሞላው።

«አባባ፣ ቆረጡ በቃ? ፓስፖርቱን ይዘውታል?»

«የእኔ ልጅና የኔሰው አንድ ሱቅ ነበር የሚሠሩት፤ ልጄ ነው የላከኝ» አሉ ሽማግሌው፤ ከኋላቸው የግቢው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።